ከሃምሳው አንዷ

ካርቶኗ ትንሽ ናት፣ የክብሪት ታላቅ እህት፤
ሃምሳ ልጅ አቅፋ ነው ያኔ የወጣችለት
ሸዋ በር ካለው ሱቅ፣ ከዓረቡ ነጋዴ፣
በሦስት ብር ከስሙኒ፣ በስንት ምልጃ፣ በስንት ዘዴ።
ገዢው አባቴ ነው፣ ይማም የአበጋዝ ልጅ፣
የገራዶ ማሳ ዘብ፣ የዝንጀሮና የጃርት ክፉ ወዳጅ።

ጠመንጃዋም ቀጭን፣ ከምርኩዝ የማትከብድ፣
ምንሽር ከቆመበት ስትደርስ የምትርድ።
"ዝንብ ታባርርባታለህ?" ይሉታል ጎረምሶች፣
ዝናር እንደ መቀነት የጠመጠሙ ባለ ዲሞትፈሮች።
አይመልስም። ይስቃል።
ጥይቷን በሁለት ጣቱ ይዞ ወደ ፀሐይ ያነሳታል።

ባለሱቁ የነገረውን ለኔ ነገረኝ ማታ፦
ፈረንሳይ አገር፣ ከራት በኋላ፣ ሳሎን ቤት ለጨዋታ
እንግዳ እንዲተኩስባት ነበር የተሠራችው፣
ከዒላማ በቀር ማንንም ላትነካ ምላ የወጣችው።
ኋላ ባሕር ተሻገረች፤ አሜሪካ ላይ ቁመት ጨመሩላት፣
"ረዥም" ብለው ሰየሟት!
ረዥሟ ይቺ ናት፣ ከጣት አንጓ የማታልፍ።
ልጅ ዒላማ ይማርባታል፣ ገበሬ ጥንቸል ያድንባታል፤
ጩኸቷ ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር ያህላል።

ሌላው ጥይት እሳቱን ከመሃል ቂጡ ነው የሚደብቀው፤
የሷ ግን ጠርዟ ላይ ነው። መርፌው ዳሯን ሲጨፈልቀው
ነው መሃሏ የሚነድ።
"ዳር ሲፈታ መሃል ዳር ይሆናል" የሚለው የሽማግሌ ፍርድ
ለሷ የተነገረ ይመስለው ነበር፤
ጠርዟን በአውራ ጣቱ እያሻሸ ዝም ይል ነበር።

ደብተርም ነበረው። አሥራ አንድ ዓመት አኖራት ሃምሳዋን፣
እንደ መንግሥት ገንዘብ እየጻፈ የእያንዳንዷን ቀን፦

ሰኔ ፯ — አንድ። ለጃርት። ድንች ስትምስ።
ሐምሌ ፳፩ — ሁለት። ለዝንጀሮ። ሁለቱም ወደ ሰማይ።
መስከረም ፫ — አንድ። ሳትኩ።
ጥቅምት ፲፪ — አንድ። ለቆቅ። ለአራሷ መረቅ።

አራሷ እናቴ ናት። በዚያ መረቅ የመጣ ወተት
የጠባሁት እኔ ነኝ፣ የአንዲት ጥይት ዕዳ ያለብኝ ፍጥረት።

ቀለሃውንም አይጥልም። እርሳሴ አልቆ ጉማጅ ሲቀር
በቢላ ሞርዶ፣ በቀለሃ ሰክቶ፣ የናስ እጅ ይሰጠው ነበር።
ሀ ሁን የጻፍኩት ባሩድ ባሩድ በሚል እርሳስ ነው፤
መምህሬ አሽትተው ደነገጡ፣ ከዚያ ሳቁ፣ መለሱልኝ።
የተረፈውን እናፏጭበታለን፣ እኔና የሰይድ ልጅ ከድጃ፣
አባቴ ዝንጀሮ የመጣ መስሎት እስኪወጣ ከደጃ።

ሚያዝያ ፱ — አንድ። ለ

ይኸው ነው። ከ"ለ" ወዲያ ወረቀቱ ባዶ።

ቀበሌው መሣሪያ አስረክቡ ባለ ጊዜ
አስረከበ። ደብተሩንም ጨመረ፣ ያለ ትካዜ።
ጸሐፊው መነጽሩን አውልቆ ቆጠረ። ደግሞ ቆጠረ።
"ይቺ አንዷስ? ማን ላይ ናት?" አለ። አባቴ ዝም እንዳለ ቀረ።
ዘመኑ ስለ አንዲት ጥይት ሰው የሚጠፋበት ነው፤
ሦስት ሌሊት ደሴ እስር ቤት ሲሚንቶ ላይ አደረ።
ብጠይቀው ብጠይቀው፣ ለኔም አልነገረ።

የሰደቃው ቀን ነው የሰማሁት፣
ከኮምቦልቻ ከመጡ፣ ድሮ መኪና ጫኝ ከነበሩ ሽማግሌ፦
"ሐረጎ እጥፋቱ ላይ፣ ባቄላ ጭና ስትወርድ
በቅሏችሁ ወለላ ከቦዩ ገባች። እግሯ ሁለት ቦታ።
አባትሽ ተንበርክኮ ጆሮዋ ሥር ብዙ አወራላት።
ከዚያ ጭራሮ ሲሰበር የሚያህል ሰማሁ።
ኮርቻዋን ተሸክሞ ዳገቱን በእግሩ ወጣ፤
በመኪና ላድርስህ ብለው እንቢ አለኝ።"

"በቅሎዬን ነው" ማለት ምን ይከብዳል?
ሲሚንቶው ቀለለው።

ካርቶኗ ውስጥ አንድ ቀለሃ አለ፣ ያልተፏጨበት፤
ጠርዙ ላይ የመርፌው ንክሻ፣ የጤፍ ፍሬ የምታህል ጭረት።
እርሳስ አነሳሁ፣ ስሟን ልሞላበት፤
ጽሕፈቴ ከሱ ጽሕፈት ጎን አማረና አሳፈረኝ። ተውኩት።
"ለ" እንደቆመች ናት።