ጠብቆ ይነበባል

አባቴ አማርኛ ያስተምር ነበር፣ አዘዞ፣ ስድስተኛ ክፍል፤
ቀይ ቢክ ከጆሮው አይለይም፣ ከጠመኔው እኩል።
ከፊደሉ አናት ሁለት ነጥብ ጣል ያደርጋል፤
«ይኼኛው ይጠብቃል፣ ያኛው ይላላል።
ገና እና ገና አንድ አይደሉም፣ ልጄ፤
አንዱን እናከብረዋለን፣ በአንዱ እንጠብቃለን።
የጻፈው ሰው ምልክት አልተወልሽም፤
አንባቢዋ አንቺ ነሽ፣ አንቺው እወቂበት።»

አሁን ከሆስፒታሉ ጀርባ፣ ከቀዝቃዛው ክፍል፣
በሰኔ ካፖርት ደርቤ
የሰው ዘረመል ለባክቴሪያ አስነብባለሁ።
ከአንጀት የወጣች ተራ ባክቴሪያ፣
ሰው ሆና የማታውቅ፣ ሰው መሆንም የማያምራት፣
የሰጠናትን ገመድ እንደ ቅጥር ጸሐፊ
ምን ይሆን ሳትል ስትገለብጥ ታድራለች።
ሲነጋ ሆዷን ከፍተን
የእኛዋን ኤንዛይም እንወስዳለን።

ስድስት ሂስቲዲን ጭራ ቀጥለንባታል፤
ኒኬሉ ጭራዋን ያዝ፣ ሌላው ሁሉ ይፈሳል።
በኋላ ከሰማያዊው ሙጫ ሥር
ጠብ፣
ጠብ ትላለች፤
ቀለም የላት፣ ሽታ የላት፣ የአንድ ዓይን እንባ የማታክል።

እስከዚህ ለመድረስ ሁለቴ መብራት ሄደብን፣
አንዴ ደግሞ ውሃ፤ አንገረብ ጎድሎ ቧንቧው አየር ሲተነፍስ ሰነበተ።
ጋሽ ፈንቴ፣ የጄኔሬተሩ ሰው፣ በበሩ አጮልቆ
«ሰው ነው አሉ የምትሠሩት?» አለኝ።
«ከሰው አንዲት ፍሬ» አልኩት።
«እሷንስ ናፍጣ ትችላታለች» ብሎ ሄደ።

ሥራዋ ምንድን ነው ላላችሁኝ፦
አመላላሹ አር ኤን ኤ በአራት ፊደል ይወለዳል፣ ጥሬውን፣ ላልቶ።
እሷ ትመጣና ከዩሪዲኖቹ አንዱን
አንገቱን ትነቅላለች፣ ታዞረዋለች፣ መልሳ ትተክለዋለች።
አልጨመረች፣ አልቀነሰች፤
ሚዛን ላይ ቢወጣ ያው ነው፤
ግን ጠበቀ።
በዘረመሉ መጽሐፍ ይኼ የትም አልተጻፈም።

ቢያድግልኝ ከቆላ ድባ ነው፣ አሥራ አንድ ዓመቱ።
ከባጃጁ እስከ በሩ ያለችው ዳገት ሁለቴ ታስቀምጠዋለች።
ከጥፍሩ ሥር ደም የለም፤ ጡንቻው ሳይሮጥ ይዝላል።
እናቱ ከእሱ በፊት ሁለት ቀብራ
ልመናዋን ስም አድርጋ አወጣችለት።
በእሱ መጽሐፍ አንዲት ፊደል ተሳስታለች፣ አንዲት፤
ኤንዛይሟ አለች፣ እጇ ግን አይዞርም።

ዛሬ ሁለቱን ጎን ለጎን አቆምኳቸው፣
የጤነኛ ሰውን እና የእሱን።
ሰሌዳውን ከሐምራዊው መብራት ሥር ሳገባው
በጤነኛው በኩል ሁለት ጥላ፣
በእሱ በኩል አንድ።
አራት ዓመት የፈጀብን ይኼ ነው። መድኃኒት አይደለም።
እናቱ ትጠይቀኛለች፣ ነገ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ፤
ምን ልበላት?
ልጅሽ ላልቶ ተነበበ ልበላት?

ሌሊት ሰባት ተኩል ስልኬ ነዘረ።
ሲስተር ጥሩአየሁ ናት፣ ከሕፃናት ክፍል፤
ኔትወርኩ የቀረውን በልቶት ሁለት ቃል ብቻ፦
«ቢያድግልኝ አለ»

አለ።
ምን አለ? ማንን ጠራ? ውሃ ነው ያለው?
ወይስ አለ፣ እስካሁን፣ እዚያው አልጋው ላይ፣ አለ?
መልሼ ደወልኩ፤ «የደወሉላቸው ደንበኛ...»
አባቴ ከሞተ ሰባት ዓመቱ፣ ቀዩ ቢክም ደርቋል።

ጓንቴን አወለቅሁ። ኤንዛይሟን ወደ በረዶዋ መለስኳት።
ከዚህ እስከ ሕፃናት ክፍል መቶ ሠላሳ ሁለት ደረጃ ነው፣
ዝናቡ አላባራም፣ ግማሹ አምፖል ተቃጥሏል፤
በየደረጃው፣ ከ«ለ» አናት ላይ፣
በጣቴ፣ በሌለ ቀለም፣
ሁለት ነጥብ እያስቀመጥኩ ወረድኩ።