የቀማሹ ቅጽ

ሥራዬ መቅመስ ነው፤ በወር ደመወዝ ይከፈለኛል፤
መዋጥ ክልክል ነው፤ አጉመጥምጬ መትፋት ይበቃኛል።
ከሰንዳፋ ወጣ ብሎ፣ ከአስፋልቱ ግርጌ፣ ነጭ ክፍል አለች፤
መስኮቷ ጠባብ፣ ሽታ እንዳይገባ በጨርቅ የታሸገች፤
አንድ ወንበር፣ አንድ ባልዲ፣ የደረቀ ዳቦ ፍርፋሪ፣
ሰባት ብርጭቆ ተሰልፎ እንደ ተፈታኝ ተማሪ።

ቅጹ ከባሕር ማዶ ነው የመጣው፤ አርባ ሣጥን አለው፤
«ቼሪ»፣ «ቫኒላ»፣ «የኦክ በርሜል»፤ ያገኘኸው ላይ ምልክት ማድረግ ነው።
ቼሪን የማውቀው በልደት ኬክ ላይ ነው፣ ቀይ፣ የሚያሟልጭ፤
ኦክን አላውቅም፤ ጥላው ሥር አልተቀመጥኩም፣ ፍልጡንም አልማገድኩም።

እኔ ሦስተኛውን ብርጭቆ ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋ፣
የሚመጣብኝ አጋም ነው፣ እሾሁ ጣቴን ሲወጋ፤
ጥሬ እንኮይ፣ ድድ የሚይዝ፤
አዲስ የተገለጠ ደብተር፤ ካፊያ የነካው ቆርቆሮ፤
የአጎቴ የበየነ ካፖርት ኪስ፣ ትንባሆ፣ ቁልፍ፣ ድሮ።

አርባው ሣጥን ውስጥ አጋም የለም፤ አጎቴም የለም።
«ሌላ» በሚለው ሥር በእርሳስ እጽፋለሁ፣
ቅጹን ከማስረከቤ በፊት በላጲስ አጠፋለሁ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ቁልቁል ወደ አዴ ድንቂቱ ጓሮ እወርዳለሁ።
ከወንዙ ዳር፣ ከባሕር ዛፉ ጀርባ፣ ጋኑ ይንፈቀፈቃል፤
መቃው ጫፍ ላይ ጠብታው እንደ ሰነፍ ሰዓት ይቆጥራል።
እሷ አትጠጣም። ሦስት ጠብታ መዳፏ ላይ ታደርጋለች፤
ታሻለች፣ ፊቷን ትሸፍንበታለች፣ ትቆያለች።
«ይኼ የማክሰኞው ነው፤ እንጨቱ እርጥብ ነበር፣ አኩርፏል።
ይኼኛው ለሽማግሌዎች ይሁን፤ ጠብ ያበርዳል።
ያኛው ለለቅሶ ቤት፤ ወሬ ያሳጥራል።»
ዳጉሳው ከየትኛው ማሳ እንደመጣ፣
ጌሾው በጥላ ይሁን በፀሐይ እንደደረቀ፣
መዳፏ ይነግራታል። ስትስት አላየሁም።
እኔ ደግሞ ሰርተፊኬት አለኝ፣ በፍሬም፣ ግድግዳ ላይ።

በጥቅምት፣ አንድ ቅዳሜ፣ ከአልጋዋ ሥር ጠርሙስ አወጣች፤
በቡሽ ሳይሆን በበቆሎ ቆረቆንዳ የተደፈነ፤ መለኪያ ሞልታ ሰጠች።
ባልዲ የላትም፤ እሷ ቤት ሰው አይተፋም።
ዋጥኩ።

መጀመሪያ እሳት፤ ቀጥሎ የተቆላ ብቅል፣ ደግ፣ ለስላሳ፤
ቀጥሎ ማር ያልሆነ የማር ጥላ፤
መጨረሻ ላይ፣ ምላሴ ሥር፣ ሁሉም ሄዶ ሲያበቃ፣
አንድ ነገር ቀረ፤
ያረረ ስኳር፣ ዝገት፣ የከረመ እንቁላል።
አወቅሁት።
ሚስቴ ማታ ማታ ሸሚዜን በጣቷ ጫፍ ይዛ
ደጅ የምትሰቅለው ለዚህ ሽታ ነው፤
ከክፍሌ በታች ያለው ቱቦ ሌሊት ሌሊት ወንዙን የሚያጠጣው።

«እህ?» አለችኝ። «ምን አገኘህ?»
ያ ሁሉ ሣጥን አፌ ውስጥ ተዘጋ።
«ጥሩ ነው» አልኩ፤ «ጠንካራ ነው፤ ዳር ዳሩ ላይ ትንሽ...»

ሳቀች፤ የሳቅ ግማሽ።
«ኮትህን ነው የቀመስከው፤ አትፈር።
እኔ ከክረምት መግቢያ ጀምሮ አውቄያለሁ፤ አሁን ውሃ
ከላይ ከምንጩ በአህያ አስመጣለሁ፣ ጭነቱን በሠላሳ ብር።
ይኼን አንዱን ጠርሙስ አልሸጥኩም፣ አልደፋሁም፤
ቀማሽ ነው ሲሉህ ሰማሁና ላንተ አስቀመጥኩት።
ምላስህስ ይሠራል፤
አፍህ ይሠራ እንደሆን ልይ ብዬ።»

ዳገቱን ስወጣ ያ ጣዕም አብሮኝ ወጣ፤
ዳቦ በላሁበት፣ ሎሚ መጠጥኩበት፣ አልለቀቀኝም።

ሰኞ ጠዋት፤ ነጯ ክፍል፣ ሰባት ብርጭቆ፣ ቅጽ።
የመጀመሪያው ንጹሕ ነበር፣ ከጥልቅ ጉድጓድ በተሳበ ውሃ።
ቼሪ ላይ ምልክት አደረግሁ።
ከዚያ «ሌላ» በሚለው ሥር፣ በእርሳስ ሳይሆን በብዕር፣
አንድ ቃል ጻፍኩ፤
ወንዝ።

ላጲሱ አጠገቤ ነበር።
ለብዕር እንደማይሆን እያወቅሁ አየሁት።
ሁለተኛውን ብርጭቆ አነሳሁ።