ስኳር ድንች

«ስኳርን በስሙ ተሸክሞ መጥቶ
ሌላ ስኳር ማልበስ ምን ይሉታል ከቶ?»
አለችኝ ዱካሌ፣ ድንቹን እየላጠች፤
ለሁለት ኪሎ ስኳር
ሸማቾች ደጃፍ ላይ እሷ ናት የዋለች።

ሆቴል ነው የለመድኩት፣ ከሐይቁ ዳር ካለው፣
ለሠርግ፣ ለስብሰባ ከዶሮው ጎን የምንደረድረው፤
በክብ በክቡ ቆርጦ፣ ቅቤ ላይ አስተኝቶ፣
ስኳሩ ቀይ ዳማ ሲሆን ብርቱካን አጠጥቶ።

ዛሬ ፍቼ ነው። ቡርሳሜው በሻፌታ
በቅቤ ተውጦ ይጠብቃል ማታ።
ከጎኑ ላኖር ነው ይሄን የኔን ጉድ፤
አባባ ካልጣመው የት እንደምሄድ!

እሱ መናኸሪያ ቅቅሉን ሲሸጡት ካየ
ፊቱን ያዞራል።
አንዲት ዓመት አለች፣
በቆሎው እንደቆመ የደረቀባት፣
ላሟ የተሸጠችባት።
«ድንች የበላንባት» ይላታል።
ሌላ ስም የላትም።

ድስቱ ተንተከተከ። ጠርዙ ላይ የረጋው
እንደ መስታወት ነው፤ ቀጭ አለ ስነካው።

ማታ አንዷን ክብ አነሳ፣ በጣቱ፣ በዝግታ፤
ነከሳት። ጨዋታው ቆመ ለአንድ አፍታ።
ስኳሩ ጥርሱ ሥር ኮሽ ሲል ሰማሁት።
ደገመ። ሠለሰ። በሆዴ ቆጠርኩት።

ከዚያ ቀና ብሎ፣ ጣቱን እየላሰ፣
«ልጣጩስ?» አለን፣ «ልጣጩ የት ደረሰ?»

ሳቅን።
እሱ አልሳቀም።

ዱካሌ ተነስታ ወደ ጓሮ ሄደች።
ፍየሏ ቀድማታለች፤
ባዶ ሳፋ ይዛ
በሩ ላይ ቆመች።