የቦርቶሎ መልስ

ቬኒስ፣ ካስቴሎ ሰፈር፣ ቦዩ በሚታጠፍበት፣
አንዲት ኪዮስክ ነበረች፣ የባሕር ጨው የበላት፣
ቀለሟ አረንጓዴ፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ፤
ውስጧ ሽማግሌ፣ ወረቀት ቆልሎ፣ መነጽሩን በክር አስሮ።

ቦርቶሎ ነው ስሙ። ጋዜጣ ይሸጣል።
የሱ መልስ ሁለት ነው፦ ሳንቲም ይመልሳል፣
ከሳንቲሙም በላይ አንድ ቃል ይመርቃል።

«ኪዮስክ» ይልሃል፣ ጣሪያውን በጣቱ እያንኳኳ፣
«የፋርስ መኳንንት በአትክልታቸው መሃል የሚያቆሙት ሰገነት ነው። ለካ
አርባ አንድ ዓመት ሙሉ የኖርኩት በሹመት!
ታዲያ ለምን ይሆን የሚያፈስ በክረምት?»

ልጅ ሆኜ አንድ ቀን የኳስ ጋዜጣ ልገዛ ሄጄ፣
«ስለ አርሰናል አለህ?» ብለው፣ ጎተተኝ በእጄ።
ሱቁን ክፍት ትቶ፣ ሦስት ድልድይ አሻግሮ፣
ከጡብ ግንብ ፊት፣ ከሁለት ማማ ሥር፣ አቆመኝ አክብሮ።
«ኳሱ የትናንት ነው። ቃሉ ከዚህ ወጣ፣
መርከብ ከሚጠረብበት፣ የቅጥራን ጢስ ከሚመጣ።
ለእኛም ቢሆን ውሰት ነው፤ ከዐረብ ነጋዴ አፍ ሰማን፣
‹የሥራ ቤት› ማለት ነው። ጨዋታውን ለእንግሊዞች ተውን።»
እራት አለፈኝ ያን ቀን፤ አባቴም አልማረኝ።

ወረርሽኙ በገባ ጊዜ፣ በሩ ሁሉ ሲታሸግ፣
በመስኮት ወጥቶ ይጮህ ነበር፦ «ጎበዝ፣ ቁጠሩ በወግ!
ኳራንቲን ማለት አርባ ነው! አያቶቻችን መርከቡን
ከደሴቱ አጠገብ አስረው፣ አርባ ሌሊት ነው የጠበቁን።
ዐሥራ አራት ቆጥሮ አርባ ብሎ መጥራት
ማጭበርበር አይደለም?» ሳቅን። በዚያ ሳምንት
ከሳቁት ሁለቱ ሞቱ።

ከኪዮስኳ ፊት ለፊት አንዲት ጀልባ ትታሰራለች።
ዛኔታ ናት፤ ጎመንና የኪዮጃ ዱባ ትሸጣለች።
ሠላሳ ዓመት ያጣላቸው አንድ ቃል ነው፤ ጋዜጣ።
ቦርቶሎ፦ «ጋዜታ ሳንቲም ነበረች፣ ትንሽ፣ ከኪስ የምትወጣ፤
ወሬ ለማንበብ ይከፍሏታል፤ የዋጋው ስም ለወሬው ወጣ።»
ዛኔታ ዱባ እየከፈለች፦ «አይደለም! ወፏ ናት፣
ጋድዛ፣ ለፍላፊዋ፣ ያየችው የማያድርላት።
ወሬ ከወፍ ነው፤ ከሳንቲም ወሬ ተወልዶ ያውቃል?»
«ያውቃል!» «አያውቅም!» ቦዩ ከመሃል ይስቃል።
ሊቃውንቱስ? እነሱም ለሁለት ተከፍለዋል።

አንድ ቃል ግን ነበር ሽማግሌው የሚፈራት።
መንደሩ በሙሉ «ቻው» ብሎ ሲለያይ፣
ሕፃኑ ጋሪ ላይ፣ መነኩሴው ጀልባ ላይ፣
እሱ ኮፍያውን ነክቶ «ደህና ሁን» ይላል፤ ቻውን አይደፍራትም።
ስንጠይቀው፦ «ሰው እንዲሁ በዋዛ ባሪያህ ነኝ አይልም።
ቻው ማለት ‹ባሪያህ ነኝ›፤ የድሮ ቋንቋችን ነው።
ባሪያ ያልንበትም ቃል የስላቮች ስም ነው፤ ከባሕሩ ማዶ ጭነን
እዚሁ ወደብ ላይ ሸጥናቸው።
አፋችን ረሳ። ቃሉ ግን ይዟል ስማቸው።»

ባለፈው ኅዳር የዛኔታ ቤት ኪራይ በሦስት እጥፍ ጨመረ።
ልጇ ከየብስ መጣ፤ ሚዛኗን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ አሰረ።
በጠዋቱ ጭጋግ፣ ሞተሩን አስነስታ፣
አንዲት ዱባ ወረወረችለት፦ «ወፍ ናት!» አለች ዛኔታ።

ቦርቶሎ ዱባዋን በሁለት ክንዱ አቀፈ፤
ኮፍያውን ሊነካ እጅ አልተረፈው።
ከንፈሩ ተላቀቀ፤
«ቻው፣ ዛኔታ» አለ፣
እያንዳንዷን ፊደል እንደ ዕዳ ቆጥሮ።

ሞተሩ ይጮህ ነበር። አልሰማችም ይሆናል።

እኔ ከኋላው ነበርኩ፣ ጋዜጣ ልገዛ፤ አምስት ዩሮ ሰጠሁት።
ዱባዋን ሳያስቀምጥ፣ በአንድ እጁ ቆጥሮ፣
ሳንቲሙን መለሰልኝ።
ቃል አልመረቀም።