ወደር

ማታ ነው፤ ደሴ ላይ ጉም ወርዷል ከጦሳ፣
መብራቱ ሄድ መጣ፣ ቆርቆሮው ሲያገሳ፣
ሰባ ሁለት ወረቀት ፊቴ ተከምሮ
ቀይ እስክሪብቶዬ ዛለ ከጣቴ ጋር አብሮ።

ሰኞ ያስተማርኩትን ሐሙስ ፈተንኳቸው፤
ውድርና ወደር ነው፣ ቀላል ነው አልኳቸው።
ርቱዕ ማለት እንዲህ፦ ሁለት ኪሎ ሽንኩርት
ሰማንያ ካወጣ፣ አምስቱን ስንት በሉት?
«ሁለት መቶ!» አሉኝ ገና ሳልጨርስ፤
ሚዛን ሥር ላደገ ይህ እንደ መተንፈስ።

ኢ-ርቱዕ ያልኩ ለታ ክፍሉ ዝም አለብኝ፤
የሐረጎ ቁልቁለት መጣና ጠቀመኝ፦
ኮምቦልቻ ለመድረስ አንድ ሰዓት ከፈጀ
ቀስ ያለ ሚኒባስ፣ ሾፌሩ ያረጀ፣
እጥፍ የሚከንፈው በስንት ይገባል?
«በግማሹ!» አሉኝ። ክፍሉ ተግባብቷል።
«ጉም ካለስ?» አለ አንድ ድምፅ ከወደ ጥግ።
ጉሙን ተወው አልኩት፤ ጉም የለም በሒሳብ ሕግ።

ከዚያም ሃምሳ ሎሚን ሰሌዳ ላይ ጻፍኩት፤
ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ጌጥ አልኩት።
አባቶች ያለ ጠመኔ ይህን አስልተዋል፤
ሰው በበዛ ቁጥር ሸክም ያንሳል ብለዋል።

ሰባተኛው ጥያቄ ይኸው፦
አራት ግንበኞች አንድ አጥር በዘጠኝ ቀን ይገነባሉ።
ሦስት ቢሆኑ በስንት ቀን ይጨርሳሉ?

ሠላሳ ስድስት ለሦስት፤ መልሱ አሥራ ሁለት።
ስድሳው አገኙት፤ ስምንቱ ኮረጁት፤
ሦስቱ ባዶ ተዉት። ቀረ አንድ ወረቀት፣
ጥግ የሚቀመጠው፣ የሸምሱ አረጋው ጽሕፈት፦

«አሥራ ሁለት ቀን።
የለቅሶ ሦስት ቀን ሲደመር፣ አሥራ አምስት።
አራተኛው ከሞተ ነው።
ሌላ ሥራ አግኝቶ ከሄደ ግን፣ አሥራ ሁለት።»

ቀዩን አነሳሁት፤ መልሼ አስቀመጥኩት።
መዝገቡን ስገልጥ፣ ኅዳር ላይ አየሁት፦
ሸምሱ፣ ሦስት ቀን ቀሪ። በእጄ ነው የጻፍኩት።

አረጋው። ይህን ስም በትከሻ አውቀዋለሁ፤
ኅዳር ላይ ከቅሬው ጋር ቃሬዛ ይዣለሁ።
የባሕር ዛፍ መወጣጫ ከሥሩ ከድቶት
ከሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ቱንቢውን እንደያዘ ጣለው በድንገት።
ሰው እየተቀባበለ፣ ትከሻ በትከሻ፣
ሃምሳ ሆነን እንኳ አልቀለለም ድርሻ።

አንድ ሲሚንቶ ለሦስት አሸዋ ነው ሕጉ፤
«አንድ ለስድስት አድርገው» ብለው ሲጠጉ
ባለ ንብረቶቹ፣ ማንካውን ይጥላል፤
«ልጅ ይደገፈዋል ይህን ግንብ» ይላል።
ይህን የሰማሁት ከቀብር መልስ ነው፤
«እንዲያው ለዚያ እጁ» አሉ፣ «ወደርም የለው።»

ወደር የለው! እኔ የወደር አስተማሪ፣
አራቱን ግንበኛ እኩል ቆጣሪ፣
ወደር የሌለውን በምን ወደር ላስላው?
ሦስት ለአራት ብዬ የቱን ቀን ላባዛው?
የቀሩት ሦስቱስ፣ ድንጋይ ባነሱ ቁጥር
ቀና ብለው ሲያዩት ያን ባዶ መደብር
እንጨት ላይ፣ ያ መቆም በየትኛው ይግባ?
በቀኑ ይደመር? ወይስ በእንባ?

እስከ ስድስት ሰዓት አልተኛሁም ያን ለት።
ከአምስት አምስት ጻፍኩ። ሰረዝኩ። ሦስት አልኩት።
ሰረዝኩ። አምስት።
ወረቀቱ ቀልቶ ቁስል መሰለብኝ፤
መብራቱም ይሄኔ ጨርሶ ጠፋብኝ።

ሰኞ ጠዋት ገባሁ፣ ውጤቱን ሳላድል።
ሰባተኛው ጥያቄ፣ አልኩ፣ አለበት መጓደል፤
የእናንተ አይደለም፣ የእኔ ነው ስሕተቱ።
ጠመኔ አነሳሁ፣ ጻፍኩ ከወደ ታችኛው፦

ማንም እንዳልሞተ፣ ሁሉም እኩል እንደሚሠሩ ይታሰብ።

ሰባ አንድ ደብተር ቶሎ ገለበጠ።
ሸምሱ እርሳሱን ይዞ ትንሽ አፈጠጠ፤
ከዚያ እጁን አወጣ፦

«ጉምም እንደሌለ?»

ጉምም እንደሌለ፣ ብዬ ጨመርኩበት።