ላዩ የት ነው?

ሦስት ወር ሙሉ በላ በዱቤ ሽሮዬን፣
በከሰል ጭረት ሞላሁት ግድግዳዬን።
ቢምረው ነው ስሙ፣ የማራኪ ተማሪ፣
ጣቱ ባለቀለም፣ ኪሱ ጾም አዳሪ።
ሰኔ ላይ ጨርሶ ሲሄድ ወደ አገሩ፣
«እትዬ፣ ዕዳዬ» ብሎ ቆመ በበሩ፤
ጥቅል ወረቀት ሰጠኝ፤ ብር ሳይሆን ሥዕል።
ጎንደር ሥዕል ቢሉኝ የማውቀው ግንብ ነው፣ ወይ ቅዱስ ባለ አክሊል፣
ዓይኑን ጎልጎል አድርጎ ፈረስ የተቀመጠ፤
ይሄ ግን ቡናማ፣ ጭቃ የረገጠ፣
መሐሉ ላይ ግራጫ፣ ጥጉ ላይ ቢጫ ነጥብ፤
«ተባረክ» አልሁት፤ ሆዴ ግን ሽሮ ሲያስብ፣
የበርበሬ ኪሎ ሲያስብ።

ክረምቱን ከዘይት ጀሪካን ጎን ቆሞ ከረመ፤
አይጥ ጫፉን ቀመሰች፤ ለእሷም ግን አልጣመ።
በጥቅምት አዘንሁለት፤ የሰው ላብ ነው አልሁ፤
ፍሬም ላሠራለት ቅዳሜ ገበያ ወረድሁ።

ጋሽ እንዳላማው አናጢው፣ መነጽሩን በክር አስሮ፣
ሥዕሉን ዘረጋና ዞረው እንደ ዶሮ፤
ሜትሩን መዘዘ፤ ቀና ብሎ አየኝ፦
«እትዬ አንጓች፣ ላዩ የት ነው?» ሲል ጠየቀኝ።

ላዩ!
ላይና ታች አለው እንዴ ጭቃ?
አዙሬ አየሁት፤ ደግሜ አዞርሁት፤ አላውቅም፣ በቃ።

«ቆይ» አለ፣ «እንጨቱ ይነግረናል እሱ፤
ሥዕል እንደ ሙሽራ ነው፤ ይታወቃል በልብሱ።»

መጀመሪያ ያመጣው ወርቅ የተቀባ፣
ጥግ ጥጉ ሐረግ፣ መሐሉ አበባ፤
አጠገቡ ሲያኖረው ሥዕሉ ኮሰሰ፣
የሰው ካባ ተውሶ እንደ ተሞሸረ፣ ትከሻው አነሰ።
ወይራ አመጣ ቀጥሎ፤ ጥሩ ነው፣ ጠንካራ፣
ግን እንደ ክፉ አማት ነው፤ እሱ ብቻ ሊያወራ።
«ይሄ ለቱሪስት ነው» አለና ሳቅ አለ፤
ባሕር ዛፍ ነው፤ በሰንሰለት ተደብድቦ፣ በሻይ ተነክሮ፣ አርጅቻለሁ ያለ።
«ዕድሜው ስንት ነው?» አልሁት። «ማክሰኞ ተወለደ።»
እንጨትም መዋሸትን ከኛ ለመደ?

ከዚያ ከአግዳሚው ሥር ጎንበስ ብሎ ሳበ
አንድ ግራጫ ሳንቃ፣ አቧራ የደረበ።
ዋንዛ ነው፤ አዘዞ የወፍጮ ቤት በር የነበረ፣
ዝናብ ልሶት፣ ፀሐይ ሰንጥቆት፣ ምስማሩ ወልቆ ቀዳዳው የቀረ፤
እህል የተሸከመ ትከሻ ሲገባ ሲወጣ ያሸው፣
አንድ ጎኑ ልስልስ፣ አንድ ጎኑ ሻካራ ነው።
«ልላገው?» አለኝ። «ተው!»
ከሥዕሉ ጎን አጋደመው።

አየሁ።

ያ ግራጫው አግዳሚዬ ነው፣ ከመስኮቱ ሥር፣
ቢምረው ዘወትር የሚቀመጥበት፣ ከባልዲው አጠገብ፣ ከበር።
ጭቃ ያልሁት ግድግዳዬ ነው፣ ጭስ የጠጣው፣
ቢጫው ነጥብ አምፖሌ፣ መብራት ኃይል ሲሻው የሚያመጣው።
ከአምፖሉ በስተግራ ቀጫጭን ጥቁር ነገር፣ አምስት አምስት ሆኖ የተሰመረ፣
ሣር መስሎኝ ነበረ።
ሣር አይደለም፤ የኔ ከሰል ነው፣ የጭረቴ ቁጥር፤
እዚያው ቆጠርሁት በጣቴ፣ አናጢው ፊት ሳፍር።
የኔ ሰባ ሰባት ነበር፤
የሱ ሰባ ስምንት።
አንዷ ትርፍ ምንድን ናት?
ለካ ያን ቀን ታምሜ ተኝቼ፣ ራሱ ሽሮ ሠርቶ ለኔም ለራሱም ያቀረበው፤
እኔ አልጻፍሁትም። እሱ ግን ቆጠረው።

«ላዩ በዚህ ነው» አልሁ፣ አምፖሉን ነካሁ፤
«ጠርዙን አትሸፍንብኝ፣ አይጧ የቀመሰችውንም» ብዬ አስጠነቀቅሁ።
ሒሳብ ስለው፣ ምስማር በከንፈሩ እንደ ያዘ፣
«አሥራ አምስት ምሳ» አለኝ፤ ጣቱን ወደ ጭረቶቹ መዘዘ።

አሁን ሥዕሉ ከግድግዳው ጭረት ጎን ተሰቅሏል፤ አላጠፋኋቸውም።
ከሥር የጋሽ እንዳላማው አለ፣ የኔ ዕዳ፣ ገና አላለቀም።
በክረምት ዋንዛው ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ይንቃቃል፤
አዲስ የመጣ ተማሪ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ይለኛል።
«ቁጭ በል» እለዋለሁ፣ «ከአግዳሚው ጫፍ፣ ከባልዲው ጎን።
ከዚያ ይታያል።»