ቤቴ በእግሩ ሲሄድ

ባሕሩ ዘንድሮ ደጄን በላው መጥቶ፣
አጥሬን አልፎ ገባ፣ ምድጃዬን ሽቶ።
በቺሎዌ ደሴት ባሕር ሲያስቸግር
ቤት አይፈርስም፤ ይጓዛል እንደ ሰው በእግር፤
ጎረቤት በሬውን ጠምዶለት ይመጣል፣
በግንድ ላይ ተንሸራቶ ቤት ዳገት ይወጣል።
ክፍያው አንድ ሳህን ድንች ነው ከሥጋ፣
ማታ፣ ቤቱ ሲያርፍ፣ የሰው ትንፋሽ ሲረጋ።

እኔ ግን ፈራሁኝ። ኤላዲዮ እባላለሁ፣
የጀልባ ስንጥቅ ስደፍን ኖሬያለሁ፤
ልጥና ሬንጅ ነው የጥፍሬ ጥቁረቱ፣
ከእኔ በፊት ሽታዬ ይገባል ከቤቱ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ነው ከዚያ ማታ ወዲህ፣
ወንድሜ አብዶን መጥቶ ሲጠይቀኝ እንዲህ፦
«ጨርሰሃል?»

ከጀልባዋ ሆድ ላይ አንድ ክንድ ይቀራል፤
ከመጠጥ ቤት በኩል አኮርዲዮን ይጠራል።
«አዎ» አልኩት። ቃሏ ሁለት ፊደል ናት።
በጀልባዋ ወጣ ጎሕ ሳይቀድ፤ ባሕር ዋጣት።
በወሩ የሰው መረብ መልህቋን አመጣ፣
ድንጋይ በእንጨት ታስሮ፤ ሰው ግን አልወጣ።
ከምሰሶው ጋር አሰርኩት፣ ከወለሌ ሥር፣
ሆድ ይፍጀው አልኩና ጸጥ አልኩ እንደ ምድር።

የሮሳልባን ጣሪያ በየክረምቱ ጠገንኩ፣
ለወንድሜ ሚስት ማገዶ ከደጇ ከመርኩ፤
«ግባ» ስትለኝ ሁሌ ከበሩ ተመለስኩ፤
ዕዳ እየከፈልኩ ሌላ ዕዳ ተበደርኩ።
እሁድ፣ በጣውላው ቤተስኪያን፣ ጥግ እየቆምኩ፣
«እግዜር ፍቅር ነው» ሲሉ «ለሌላው» እያልኩ፣
ምሕረቱን እንደ ባዕድ ማዕድ እያየሁ፣
ሲቀርብልኝ «ጠግቤያለሁ» ብዬ አልፋለሁ።

እንግዲህ ተጎተተ። አሥራ ስድስት በሬ፣
ሠላሳ ትከሻ። «ያዝ! ሳብ!» ሆነ ወሬ።
ቤቱ አቃሰተ እንጂ አልንቀሳቀስ አለ፤
ገመድ ተበጠሰ፤ አንድ በሬ ዋለለ።
በደረቱ ተስቦ ከሥሩ ገባና
«ሰንሰለት አለ» አለ ሴጉንዶ ወጣና፤
«ቤቱን የያዘው ድንጋይ የጀልባ መልህቅ ነው።
ኤላዲዮ፣ ይሄን እዚህ ማነው ያሰረው?»

የበሬዎቹ ትንፋሽ ብቻ ነው የቀረ።
እንጨቱ ላይ የአብዶን ስም ተቀርጾ ነበረ።
ሮሳልባ፣ በጭቃ በራሰ ላስቲክ ጫማ፣
ትታየኛለች፣ ገመድ እንደያዘች ቆማ።
ያን ጊዜ አመለጠኝ ሠላሳ አንድ ዓመት፦
«አልደፈንኩም ነበር። ‹አዎ› ያልኩት ውሸት።»

ገመድ የላጠውን መዳፏን አየችው።
ቀጥሎ እኔን አየች። እንዲህ ነው ያለችው፦
«የሬንጅህ ሽታ እኮ ከሩቅ ነው የሚሸት፤
አልሸተተኝም ነበር በዚያች ሌሊት።
አውቄ ነው የኖርኩት። ለእግዜር ነግሬዋለሁ፤
እየመላለሰ ‹ሂጂ› አለኝ፤ መጥቻለሁ።»

«መልህቁስ?» አለ ሴጉንዶ።

«ይቅር።»

አንድ ቃል፣ ሁለት ፍቺ። ሁለቱንም ሰማሁ።
መጥረቢያ ተቀብዬ ሰንሰለቱን መታሁ፤
እጄ የለመደው መድፈን ነው፤ ዛለብኝ ክንዴ፣
በአምስተኛው ተቆረጠ፣ ከነጉድ ከነጉዴ።
ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሰማይ ሰማይ ሳይ፣
ለካስ ገመድ ይዞ ቆሟል ጭቃ ላይ።

ቤቴ ሄደ። በእግሩ። ጭስ ማውጫው እየነቀነቀ።
ልጆች ተከተሉት፤ አንድ ውሻ አለቀቀ።

ማታ የድንቹ ሳህን ሲዞር እኔም ደረሰኝ፤
«ጠግቤያለሁ» ልል ነበር። ራብ ቀሰቀሰኝ።
ዛሬም ስሙን ስሰማ ያመኛል ከጎኔ፤
ከሕመሙ ጋር ግን መሄድ ቻልኩ እኔ።
ከታች፣ በአሮጌው ቦታ፣ ማዕበሉ ሞላ፤
ጌታ ሆይ፣ ጠዋት ሲጎድል፣ አልወርድም ወደ ኋላ።